ወንበዴውን ማን እንበለው?

የህንድ ፊልም ላይ ዝናብ ሲመጣ ልብስ ከገመድ የሚያነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተ አይታችኋል? ሰማዩ ይጠቁራል፣ መብረቁ ይጮኻል፣ ልጅቷ እጇን ዘርግታ ትሽከረከራለች። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ "አንቺ! ልብሱ!" አትልም። ጎረቤት በአጥር ላይ "ዘነበባችሁ!" ብሎ አይጣራም። እንደዚያ ስትሽከረከር የምትውል ልጅ ጋምቤላ ውስጥ ብትኖር ብዙም ሳትቆይ ብርድ ብርድ እያላት እኔ ጋ ካርድ ልታወጣ ትመጣ ነበር። የምሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ዝናብ ሳይ ዘፈን አይታየኝም፤ ሰልፍ ነው የሚታየኝ።

ስለ ፊልም አስተያየት አለኝ። ብዙ አለኝ። ጠያቂ ስላጣ ተጠራቅሞ ነው።

አሪየት እባላለሁ። አኙዋ ነኝ፤ አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም። ተከራያችን የነበረ አስተማሪ ሲዛወር አንድ ካርቶን መጽሐፍ ትቶልን ሄደ። ምስጥ ጀምሮት ነበር፤ ተቀብዬው እኔ ጨረስኩት። አማርኛዬ እዚህም እዚያም የተበላ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የምስጡ ነው።

ነገሩ የሆነው ክልል አሥራ ሁለት ተብለን ራሳችንን ማስተዳደር በጀመርንበት ሰሞን ነው። ያኔ በከተማችን በየሳምንቱ አዲስ ታፔላ ይሰቀል ነበር። ቢሮ፣ መምሪያ፣ ጽሕፈት ቤት፣ ማስተባበሪያ። ከታፔላው ኋላ ቤት ያለው ጥቂቱ ነው። ሙስጠፋ ግን ታፔላ ሳይሰቅል ሥራ ጀመረ። ሙስጠፋ አባቱ ከወሎ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ስኳር፣ ሳሙናና ጀሪካን ይሸጣል። ከሱቁ ኋላ ያለውን መጋዘን አስጠረገ፣ አግዳሚ ደረደረ፣ አንድ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ጄኔሬተሩን ውጭ አስነሳ። ቪዲዮ ቤት ሆነ። ቅዳሜና እሁድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት። በዚያ ሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰው አይቀመጥም፤ ይቀቀላል።

አቀማመጣችን የታወቀ ነበር። ማንም ሳያዘን አኙዋ በግራ፣ ኑዌር በቀኝ፣ ከደጋው አገር የመጣው ደገኛ መሐል። የጤና ጣቢያው ሰልፍም እንዲሁ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ወንበርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሙስጠፋ ግን የነበረው ማራገቢያ አንድ ብቻ ነው። ፊልሙ ግማሽ ሲደርስ ብሔር ብሔረሰቡ በሙሉ ማራገቢያው ሥር ተደራርቦ ታገኙታላችሁ። ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። እንደዚያ ማራገቢያ ያቀራረበን ነገር አላየሁም።

አሁን ወንድሜን ላስተዋውቃችሁ። ኦጋላ ይባላል፤ ታናሼ ነው። ቤት ውስጥ በቀን አሥር ቃል አይናገርም። ሰላምታ ከተቆጠረ አሥራ ሁለት። ልጅ ሆኖ ከድንበር ማዶ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር፤ እንግሊዝኛ ትንሽ፣ የገበያ ዓረብኛ፣ ኑዌርኛ እንደ አፉ መፍቻ፣ አማርኛ ከእኔ እየተቆጣሁት። ይህን ሁሉ ቋንቋ ይዞ ዝም ይላል። ሥራ ቢፈልግ ሲያናግሩት አይመልስም፤ ማን ይቀጥረዋል? ሙስጠፋ ቀጠረው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን በአማርኛ እንዲያስተረጉም። አማርኛ ለብዙዎቻችን የውሰት ነው፤ ቢሆንም ሁላችንም የተዋስነው እሱን ስለሆነ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ወንድሜን አላወቅሁትም። የተሰበረ የሬዲዮ አንቴና ይዞ እያመለከተ፣ ድምፁን ለእናት ሲያቀጥን፣ ለአባት ሲያወፍር፣ ልጅቷ ስታለቅስ የእሱም ዓይን ሲሞላ። በዚያ ቀን ብቻ በዓመት ከሚናገረው በላይ ተናገረ። ቤት ስንገባ ጠየቅሁት።

"ኦጋላ፣ ህንድኛ የት ተማርክ?"

"አልተማርኩም።"

"ታዲያ?"

"ፊታቸውን ነው የማየው" አለኝ። "የተቆጣ ሰው የሚለው ያው ነው። የራበውም የሚለው ያው ነው።"

ሦስት ዓመት እንዲሁ ቆመ። በቴሌቪዥኑና በግድግዳው መካከል ያለችው አንድ ሜትር ቦታ ወንድሜ አፍ የሚያወጣባት ቦታ ነበረች። ልነግራችሁ የተነሳሁት ያቺን ቦታ እንዴት እንዳጣት ነው። እኔም እጄ አለበት። እጄ እንኳ አይደለም፤ ምላሴ።

ጠቡ የተነሳው ከስም ነው። መጀመሪያ ላይ ኦጋላ ሰዎቹን ሁሉ "ሰውዬው" ነበር የሚላቸው። ህንዶቹ ወንዶች ደግሞ ሁሉም ጢማሞች ናቸው። "ሰውዬው ለሰውዬው፣ ሰውዬው ሰውዬውን ገደለው አለው" ብሎ ሲያስተረጉም አዳራሹ በአንድ ድምፅ "የቱ ሰውዬ?" ይላል። ስለዚህ ስም አወጣላቸው። የራሳቸውን እንዳይጠራ አይሰማውም፤ የእኛን ሰጣቸው።

ይህ ለሌላ ከተማ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። እስቲ ወደ ካርድ ክፍሌ ኑ። ካርዱ በፊደል ተራ ነው የሚቀመጠው። አኙዋ ወንድ ልጁን በ"ኦ"፣ ሴት ልጁን በ"አ" ጀምሮ ይጠራል፤ ስለዚህ የ"አ" መሳቢያ አልዘጋ ብሎ በሲባጎ ታስሯል። ኑዌር የሴቶቹን ስም በ"ኛ" ይጀምራል፣ ከወንዶቹም ብዙዎቹ "ጋት" ናቸው። ሌላ ቦታ ሰው ስሙን ሲነግራችሁ ስሙን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። እዚህ የመጀመሪያዋን ፊደል ሲያነሳ ጀምሮ ከየትኛው አግዳሚ እንደሆነ አውቃችሁ ጨርሳችኋል። ታዲያ ለወንበዴ ስም ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ገባችሁ?

ኦጋላ ሲጀምር ሁሉንም አኙዋ አደረጋቸው። አክተሩ ኦቻላ፣ ልጅቷ አቻን፣ ወንበዴውም ኦቶንግ። ለአንድ ወር ያህል ህንድ አገር በሙሉ ከባሮ ወንዝ ዳር የሄደ መሰለን። ከዚያ ኒውላንድ ከሚባለው የኑዌር ሰፈር የሚመጣ ቱት የሚባል ወጣት ከቀኝ አግዳሚ ተነሳ። ቱት ቀልደኛ ነው፤ ግን ቀልዱ ውስጥ አጥንት አለ።

"ኦጋላ ወንድሜ" አለ፣ "ህንድ አገር ኑዌር የለም?"

ጥያቄው ትክክል ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኦጋላ አንድ መልከ መልካም ፖሊስ መርጦ ጋትቤል አለው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ለዓይነ ስውር ሳንቲም የሚሰጥ፣ እናቱ እግር ሥር ወድቆ የሚሳለም ፖሊስ። ቀኝ አግዳሚው ደስ አለው። ኦጋላ ግን ካሴቱን ቀድሞ አያየውም፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚደርሰው በዚያው ጠዋት ነው። ፊልሙን ከእኛ ጋር ነው የሚያየው። ሁለት ሰዓት አልፎ ጋትቤል ጢሙን እያሻሸ ሳቀና የአክተሩን አባት የገደለው እሱ መሆኑ ታወቀ። ቀኝ አግዳሚው በሙሉ ወደ ኦጋላ ዞረ።

"ኦጋላ፣ ይህን ሰው ቅድም ማን አልከው?" አለ ቱት።

ወንድሜ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ ይታየኛል።

"ይህ ጋትቤል አይደለም" አለ። "መንትያው ነው።"

"ከየት የመጣ መንትያ?"

"ከቦምቤይ።"

ቱት መጀመሪያ ሳቀ። እሱ ከሳቀ ሁሉም ሳቀ። ዳንን።

ሙስጠፋ ግን ነጋዴ ነው፤ ሁልጊዜ መንትያ እንደማይገኝ ገብቶታል። በማግስቱ አዳራሹ ፊት ቆመና ወንበዴው በተራ ይሁን አለ። አንድ ሳምንት አኙዋ፣ አንድ ሳምንት ኑዌር፣ አንድ ሳምንት ደገኛ። ተስማማን። የደገኛው ሳምንት ሲደርስ ወንበዴው ከበደ ተባለ። የሁለተኛ ደረጃው የኬሚስትሪ መምህር ከመሐል ተነስተው ከበደ የእኔ ስም ነው፣ ተማሪዎቼ እዚህ ተቀምጠዋል አሉ። ተሰማ ተባለ። ተሰማ የመምህሩ አባት ሆኖ ተገኘ። ሙስጠፋ ደግሞ የእስልምና ስም ለወንበዴ እንዳይሰጥ፣ ቤቱ የእኔ ነው አለ። ቱት እንዲያ ከሆነ ለአክተርም አይሰጥ አለ። ሙስጠፋ ግማሽ ቀን አስቦበት ተስማማ። አንድ ማር የሚሸጥ የማጃንግ ሰው ከበሩ ሥር ሆኖ "የእኛስ ተራ?" አለ። ይደርሳል ተባለ። አልደረሰም።

በዚያው ሰሞን ከእኛ በላይ ያሉትም መቀመጫ ሲከፋፈሉ ነበር። እኛ ቀድመን ጨረስን። የተከፋፈልነው ወንበዴነት ስለሆነ ይሆናል።

በዚህ መሐል ብዙ ፊልም አየሁ። ካራቴ፣ ለምሳሌ። ሃያ ሰው አንዱን ይከብና ተራ በተራ እየመጣ ይመታል። ሌሎቹ እጃቸውን አንስተው እየዘለሉ ይጠብቃሉ። አንድም የሚጋፋ የለም። አንድም "እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት" የሚል የለም። እነዚያን ሰዎች ለአንድ ሰኞ ካርድ ክፍል ቢያውሱኝ! ሽማግሌው መምህራቸው ደግሞ ተማሪውን ሦስት ዓመት ውኃ ያስቀዳዋል፤ በዚያ ክንዱ ይጠነክርና ጠላቱን ያሸንፋል። የእኛ ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባሮ ውኃ ሲቀዱ ኖረዋል። ማንን አሸነፉ?

ቤተ ክርስቲያናችን ያመጣችውንም አየሁ፤ በነጭ አንሶላ ላይ፣ የጠፋው ልጅ ታሪክ። ልጁ የአባቱን ሀብት በልቶ ተመለሰ፣ አባትየው አቅፎ ተቀበለው፣ ፍሪዳ ታረደ። ፓስተሩ አለቀሱ። እኔ ግን ከዳር እስከ ዳር የፈለግሁት እናትየዋን ነው። የት ሄዳ ነው? ልጇ ርቦት ከአሳማ ጋር ሲበላ ማን ነገራት? ፓስተሩን ጠየቅኋቸው። "እህት አሪየት፣ ዋናው መልእክቱ ነው" አሉኝ። መልእክት ባለበት ቦታ እናት እንደማትፈለግ ያን ቀን ተማርኩ።

የአሜሪካኑን የጦርነት ፊልም ደግሞ አልወደውም። ሸሚዙን የጣለ አንድ ሰው ብቻውን መንደር ይጨርሳል። ጥይቱ አያልቅበትም። ከወንዝ ሲወጣ ቁስል እንጂ አልቅት የለበትም። ወጣቶቹ ያፏጫሉ። ከድንበር ማዶ ጦርነት ሸሽተው የመጡ አንድ ሽማግሌ ከቀኝ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊልሙ ሳያልቅ በትራቸውን ይዘው ተነሱ። ሙስጠፋ ምን ጎደለ አባቴ ቢላቸው፣ "ይህን ሁሉ ሬሳ ማን ይቀብረዋል?" ብለው ጠየቁት። ኦጋላ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድምፁን ቀነሰ። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም፤ የሽማግሌው ጥያቄ ነው ይዞኝ የቀረው።

ከሁሉ የመረረኝ ግን በአማርኛ የተሠራው ነው። ከአዲስ አበባ መጣ ተብሎ የእሁድ ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ከዚያ ተነስተው ሌላ ሶፋ ላይ ያለቅሳሉ። ምን እንደጎደላቸው ሊገባኝ አልቻለም። በመጨረሻ መኪና መጥቶ ጡሩንባ ነፋና የግቢውን በር የሚከፍት ሰው ወጣ። ጥቁር፣ ረጅም፣ የእኛ ሰው! አዳራሹ በሙሉ ጮኸ። በፊልም ራሳችንን ስናይ የመጀመሪያችን ነው። ሰውዬው በሩን ከፈተ፣ "እሺ ጌታዬ" አለ፣ በሩን ዘጋ። አበቃ። ተመልሶ ይመጣል ብለን ጠበቅን። አልመጣም። ሶፋው ላይ ያሉት ቀጠሉ።

አማርኛ ስለነበረ ኦጋላ ያን ቀን ሥራ አልነበረውም፤ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ድንገት ተነሳና አንቴናውን ወደ ተዘጋው በር ቀሰረ። "ይህ ሰው" አለ፣ "ወንዝ ዳር መሬት አለው። በቆሎው ደርሷል። ጌታው ሳይሰማ ነገ ጠዋት አገሩ ይገባል።" ከዚያ ተቀመጠ። ሶፋዎቹን ከዚያ በኋላ ማን አየ? ሁላችንም ሰውዬውን ተከትለን አገሩ ገባን።

እኔ ግን ያን ቀን ቤት ስንገባ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? ያላሉትን ለምን ትጨምራለህ አልኩት። መጽሐፍ የማነብ ሴት ነኝ፤ የተጻፈው እንደተጻፈ መነበብ አለበት ብዬ አምናለሁ። አሥር ቃሉን ጨርሶ ስለነበር አልመለሰልኝም።

እንግዲህ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ተራው የአኙዋ ነው። ፊልሙ የህንድ ነው። ድርቅ ገብቷል፣ ሕዝቡ ይራባል፣ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወፍራም ሰው ለተራበው የመጣ እህል በመጋዘን ይደብቃል። ወንበዴው እሱ እንደሚሆን ለማወቅ መንትያ አያስፈልግም ነበር። ኦጋላ መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣለትን ስም ሰጠው። ኦዶላ አለው።

በዚያ ሳምንት አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ተከፍቶ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የታፔላው ቀለም አልደረቀም ነበር። ኃላፊው ወፍራም ነው። ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር አያወልቅም። ስሙ ኦዶላ ነው።

ወንድሜ አስቦ አላደረገውም። አውቀዋለሁ። ችግሩ ሕዝቡ ማሰቡ ነው። ሳቁ ከቀኝ ጀመረ፣ ወደ ግራ ተሻገረ፣ ከዚያ መሐል ያሉት የኬሚስትሪው መምህር ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ኦዶላ ጆንያ በተሸከመ ቁጥር ሳቅ። ኦዶላ ቁልፍ ባወጣ ቁጥር ሳቅ። አኙዋ፣ ኑዌርና ደገኛ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ። መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ሰኞ ኦጋላን ወደ ቀበሌ ወሰዱት። በስሙ አልነበረም የከሰሱት፤ በሳቁ ነው። አልመቱትም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ጥያቄ ብቻ ነው። ፊልሙ ውስጥ ኦዶላ የሚባል ሰው አለ ወይስ የለም? አለ ካለ፣ ኃላፊውን ለመስደብ ከውጭ የመጣ ፊልም ነውና ማን እንዳመጣው ይናገር። የለም ካለ፣ የሰደበው እሱ ነው። ኦጋላ ዝም አለ። መቼስ ዝም ማለት ይችላል። ስለዚህ ህንድኛ የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ ካሴቱን እስኪያጣራ ድረስ ይቆይ ተባለ። እስቲ ጋምቤላ ውስጥ ህንድኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ!

በአራተኛው ቀን ምግብ ይዤ ስሄድ ደም ሥሬ ተነሳ። ገባሁና ጠረጴዛቸውን በመዳፌ መታሁ።

"የማንን ቋንቋ ነው የምታጣሩት?" አልኳቸው። "ይህ ሰው ህንድኛ አያውቅም። አንዲት ቃል አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሆዱ እያወጣ ሲቀባጥር ነው የኖረው። ፖሊሱንም፣ ከበደንም፣ ኦዶላንም የፈጠረው እሱ ነው። ቀባጣሪ ነው። እብድ አይታሰር፣ ቀባጣሪ ለምን ይታሰራል?"

ሳቁ። ሲስቁልኝ ደስ አለኝ፤ ምላሴ ስል ነው ሲሉኝ ልቤ ያብጣል፣ ደካማ ጎኔ ነው። ጸሐፊው የምለውን እየተከተለ ይጽፋል። ከትከሻው በላይ አጮልቄ ሳይ "ቀባታሪ" ብሎ ጽፏል።

"በ'ጣ' ነው" አልኩት። "ቀባጣሪ።"

አመስግኖኝ አረመው።

ኦጋላን ለቀቁት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ጸሐፊው የጻፈው ወረቀት ላይ ይፈርምና ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በሕዝቡ ፊት ያንብበው። ከእንግዲህም ቴሌቪዥን አጠገብ አይቁም። ወረቀቱን ያየሁት ቤት ስንደርስ ነው። ቃሉ ሁሉ የእኔ ነበር። "አያውቅም" የነበረው "አላውቅም" ሆኗል፤ ሌላው እንዳለ ነው። ኦጋላ አንብቦት አጠፈው። አንድም ነገር አላለኝም። ምነው በሰደበኝ!

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሙስጠፋ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍኖታል፤ ሬሳ ያለበት ቤት ይመስላል። ኦጋላ ቦታው ላይ ቆመ። አንቴናውን አልያዘም። አነበበ።

"እኔ ህንድኛ አላውቅም። አንዲት ቃል አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ የነገርኳችሁ ሁሉ ከሆዴ ያወጣሁት ነው። ቀባጣሪ ነኝ።"

በአማርኛ አንብቦ ሲጨርስ ይቀመጣል ብዬ ነበር። አልተቀመጠም። ማንም ሳያዘው ወደ አኙዋ ተረጎመው። ከዚያ ወደ ኑዌር። ለእያንዳንዱ አግዳሚ ፊቱን እያዞረ፣ በየቋንቋችን፣ ቀባጣሪ መሆኑን ነገረን። ከፊልም በቀር ሲተረጉም አይቼው አላውቅም ነበር። እንደዚያ አጥርቶ የተረጎመው ነገርም የለም።

ከግራ በኩል ዓሣ የምትሸጠው አባንግ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አንተ ልጅ፣ ህንዶቹ ያሉትን ማን ጠየቀህ?" አለችው። "በል የዛሬውን ጀምር፣ ሙቀቱ ሳይገድለን።"

ቱትም ከቀኝ ተነሳ። አልቀለደም። "ኦጋላ፣ እናውቃለን እኮ" አለ። "መንትያው ከቦምቤይ የመጣ ጊዜ ነው ያወቅነው። እና ምን ይሁን? መጥተን የለ?"

እንግዲህ አስቡት። ሦስት ዓመት ሙሉ አዳራሹ በሙሉ ያውቅ ነበር። አላውቅም ብሎ ያነበበው ነገሩን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ያላወቀ ቢኖር የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ ለእሱም የነገርኩት እኔ ነኝ።

ኦጋላ ግን ፈርሟል። ወረቀቱን ለሙስጠፋ ሰጠና የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ሙስጠፋ ጨርቁን አነሳ። ፊልሙ ተጀመረ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። አንዱ ጢማም ሌላውን ጢማም ገፋው። አንዲት ሴት አለቀሰች። ማን ናት? እናት ናት፣ ሚስት ናት? ማራገቢያው ሥር እንደ ልማዳችን ተጠጋግተን ቁጭ አልን። ስለዚያ ፊልም ብትጠይቁኝ አስተያየት የለኝም። በሕይወቴ አስተያየት ያጣሁበት ፊልም እሱ ብቻ ነው።

በሁለት ወሩ ሙስጠፋ መጋዘኑን ወደ ጀሪካን መለሰው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አሳዛኝ ይሆን ነበር እንጂ አያሳፍርም። ግን አንድ ቀን ከዚያው ቀለሙ ካልደረቀ መሥሪያ ቤት ሰው መጣ። ሦስት ቋንቋ አጥርቶ የሚናገር አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ዕለት ወረቀቱን በሦስት ቋንቋ ያነበበውን ሰው ሰምተናል አሉ። ጥሩ አድርጎ ነበር አሉ። አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት አላጎደለም። እንደዚያ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው።

ኦጋላ ሄደ። ምን ያድርግ? ኮት ሰጡት፤ በጋምቤላ ሙቀት ኮት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ባሮ ዳር፣ ማንጎ ዛፎቹ ሥር ነበር። ሁላችንም ተጠርተን ሄድን። ከላይ የመጡ እንግዳ ተነሱ። ከክረምቱ በፊት በየቤታችሁ የቧንቧ ውኃ ይገባል አሉ። ኦጋላ አስተረጎመ። መንገዱ አስፋልት ይሆናል አሉ። አስተረጎመ። ጤና ጣቢያው አሥር ሐኪም ይመደብለታል አሉ። እኔ እዚያው ነው የምሠራው፤ ለአንዱ ሐኪም እንኳ ወንበር የለንም። የእንግዳውን ፊት አየሁት። ፊት ማየት ከወንድሜ ተምሬያለሁ። ሰውዬው ራሱ የሚለውን አያምንም።

ወንድሜን ጠበቅሁት። አሁን አንድ ነገር ይጨምራል አልኩ። አንድ መንትያ ያመጣል፣ አንድ ሰው አገሩ ያስገባል። እንዲጨምር በልቤ ለመንኩት። እኔ፣ የተጻፈው እንደተጻፈ ይነበብ የምለው ሴት፣ ማንጎ ሥር ቁጭ ብዬ ወንድሜ እንዲቀባጥር ጸለይኩ። ኦጋላ ግን የእንግዳውን አፍ ብቻ እያየ፣ እንግዳው ሲያቆም እያቆመ፣ ሲቀጥል እየቀጠለ፣ በአኙዋም በኑዌርም አደረሰው። አባንግ ዓሣዋን ትታ ተነሳችና "የትኛው ክረምት?" ብላ ጠየቀች። ይህንንም እንዳለ ወደ አማርኛ መለሰው። እንግዳው ሳቁ። ሳቃቸውን አልተረጎመውም፤ በእሱ ቦታ አጨብጭቡ የሚል ምልክት ከፊት ተሰጠንና አጨበጨብን። በግራም፣ በቀኝም፣ በመሐልም።

ወደ ቤት ስንመለስ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ነበር የሚሄደው።

"አሪየት፣ የሳትኩት ቃል አለ?" አለኝ። ከአሥሩ ቃል አራቱን ለዚህ አወጣ።

"የለም" አልኩት። እውነቴን ነው፤ አልነበረም።

ዛሬ በሥራው የተመሰገነ ሰው ነው። ወንድሜ መዋሸት አቁሟል። አሁን ሌሎች የሚዋሹትን፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ በሦስት ቋንቋ ያደርሳል።